ሥራው ይዙር፣ አንቺ ቁሚ

ጥቅምት 3 ቀን

ለማከብርዎ ለአያቴ ወንድም፣ ለአባባ ሚሊሜትር፤

ከሁሉ በፊት ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ቁጣዎስ እንደምን አለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የምከሰው የለኝም።

አባባ፣ ዛሬ የምጽፈው ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅ ይዞኝ ነው። እስካሁን የምሠራው በአረጋውያን ማረፊያው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንደነበር ያውቃሉ። አሁን አረጋውያኑ ወደሚኖሩበት ፎቅ አውጥተውኛል፤ ግን ለሙከራ ነው። ኅዳር 25 ፈተና አለብኝ። ፈታኟ በእንግሊዝኛ ታዛለች፣ እኔ የተኛውን ሰው እንደ ትእዛዟ አነሳለሁ፣ አዞራለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ካለፍኩ ውሌ ይታደሳል። ካላለፍኩ አይታደስም፤ ምድር ቤቱም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ስለቀጠረ መመለሻ የለኝም።

የቸገረኝ ምን መሰለዎት? እነዚህ ሰዎች ለመዞር ያላቸው የቃል ብዛት! ተርን፣ ሮል፣ ትዊስት፣ ስፒን፣ ስዊቭል፣ ሮቴት፣ ፒቮት። የገዛሁት መዝገበ ቃላት ሁሉንም «መዞር፣ ማዞር» ብሎ ይገላገላቸዋል። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ድሃ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ፈታኟ «ሮል» ስትለኝ የአንድ ሽማግሌን አልጋ ከነሰውየው ገፍቼ ኮሪደር አወጣሁት። እሱስ ሽርሽር መስሎት እጁን እያውለበለበ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አርባ ዓመት ሙሉ ነገር ሲያዞሩ የኖሩ እርስዎ ነዎት። እያንዳንዱን ቃል በእጅ እንደሚያዝ ነገር አድርገው ያስረዱኝ። በስልክ እንዳልጠይቅዎ «ስልክ የሚያወራ ሰው ሐሳቡ መዝጋቱ ላይ ነው» ብለው ይዘጉብኛል።

አክባሪዎ


ጥቅምት 26 ቀን

ለእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለሽክርክሪት፤

ባለሽበት ጤና ይስጥሽ። እጅሽ አይዛል፣ የጀመርሽው አይጉደልብሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን የምትጽፈው ምራቴ ናት፤ ልጄ የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሽማግሌው ፊደል ስለማያውቅ ከራሷ ትጨምራለች ብለሽ እንዳትሰጊ። የተናገርኩትን በጣቴ እቆጥራለሁ፣ መስመሩን በዓይኔ እለካለሁ፤ አጭር ተናግሬ ረጅም ከተጻፈ ወረቀቱን አስቀድዳታለሁ። አሁን «ይሄም ይጻፍ?» ትለኛለች። ይጻፍ!

የእኛ ቋንቋ ድሃ ነው ያልሽውን ደግመሽ እንዳትጽፊ። ድሃው የገዛሽው መጽሐፍ ነው። ስሚ።

ሮል ማንከባለል ነው። በርሜል አስተኝተሽ ስትገፊው እየዞረ ቦታውን ይለቃል። ሰውም ከጀርባው ወደ ጎኑ ሲሄድ ያው ነው። ግን ትከሻውና ዳሌው እኩል ይሂዱ። ትከሻው ቀድሞ ዳሌው ከኋላ ከተጎተተ ሰውየው ይጮሃል። ይህን አስምሪበት።

ስፒን መሾር ነው። ኩሽኔታ በአንድ ጣት ይዘሽ በሌላው ስትመቺው ዥው ብሎ ባለበት የሚሾረው። አንቺ በልጅነትሽ ብረት በምቀርጽበት ቶርኖ ቤት ግቢ ውስጥ ክንድሽን ዘርግተሽ እስክትወድቂ የምታደርጊው እሱ ነበር፤ ስምሽም ከዚያ መጣ። በሽተኛ አይሾርም። ሴትየዋ አሹሪው ካለችሽ ጥለሻት ውጪ።

ስዊቭል ደግሞ ሞርሳ የሚያደርገው ነው። ብረት ነክሶ የሚይዘውን ሞርሳ ከሥሩ ያለውን ብሎን ስታላዪለት እግሩ ሳይነሳ ፊቱን ግራና ቀኝ ይመልሳል። የቢሮ ወንበርም እንደዚያው ነው።

ትዊስት መጠምዘዝ ነው። አንዱ ጫፍ ተይዞ ሌላው ሲዞር። እርጥብ ፎጣ ስትጨምቂ እጅሽን እዪው። ብረት ሲጠመዘዝ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ይሰበራል። ሰው ላይ እንዳትሞክሪው።

ሮቴትን መሐንዲስ ከወረቀት ሲያነብ እንጂ ከሠራተኛ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ያው መዞር ነው፣ ክራቫት አስሮ።

ፒቮት ኮምፓስ ነው። አንዱ እግር ይተከላል፣ ሌላው ይዞራል።

ተርን የእኔ እንጀራ ነው፤ ስለዚህ በደንብ አዳምጪ። ቶርኖ ላይ የሚዞረው ሥራው ነው፤ የሚቀረጸውን ብረት ሥራ እንለዋለን። ብረቱ መንጋጋው ውስጥ ተነክሶ ይዞራል፣ መቁረጫው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። መቁረጫው ፀጉር ታህል ከተነቃነቀ ዕቃው ተበላሸ። ሚሊሜትር ያስባለኝ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ፦ ሥራው ይዙር፣ አንቺ ቁሚ። እግርሽን ወለሉ ላይ እንደ ብሎን አጥብቂው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ወድቆ ዳሌው ተሰነጠቀ፣ ሐኪሞቹም ሠሩለት። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ነው የሚነሳው? ለወዳጄ ነው።

አባባሽ


ኅዳር 14 ቀን

ለአባባ ሚሊሜትር፤

ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ዕድሜዎ ይርዘምልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ክራቫት አስሮ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስለ ቋንቋችን ያልኩትን በይፋ ሰርዣለሁ።

ለልምምድ በሽተኛ ሆኖ የሚተኛልን ወጥ ቤት የሚሠራ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ሲተኛ የእውነት እንቅልፍ ይወስደዋል። ትናንት ትከሻውንና ዳሌውን እኩል ይዤ ወደ ጎኑ አንከባለልኩት፤ ማንኮራፋቱን እንኳ አላቋረጠም። ፈታኟ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ፊቷ ክፉ አልነበረም።

«ሥራው ይዙር፣ አንቺ ቁሚ» የሚለውን ካርቶን ላይ ጽፌ ቁም ሳጥኔ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ዩኒፎርሜን ስለብስ አነበዋለሁ። አሁን የቀረኝ ፒቮት ብቻ ነው፤ ሰውየውን ከአልጋ አንስቶ፣ አዙሮ፣ ወንበር ላይ ማስቀመጥ።

ስለ ወዳጅዎ ነርሷን ጠየቅኳት። ሐኪሙ ከፈቀደለት ቶሎ ይነሳ፣ የሚጎዳው ተኝቶ መቆየቱ ነው አለች። አልጋ ላይ ሳለ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ይቀይሩለት። ሲነሳ ወንበሩ በደህናው እግሩ በኩል ይሁን።

ግን ማን ነው? ያ ከቶርኖ ቤቱ አጠገብ የሚሠራው በያጅ ነው? እርስዎ እኮ ሰው ሲታመም ስሙን ጠርተው «የራሱ ጥፋት ነው» ሳይሉ አያልፉም።

አክባሪዎ


ኅዳር 30 ቀን

ፈተናዋን ላለፈችው ለሽክርክሪት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህ ሲደርስሽ ፈተናው አልቋል፣ አንቺም አልፈሻል። አላለፍኩም ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ እኔ አስተምሬው የወደቀ ሰው የለም።

ወዳጅዎ ማን ነው አልሽኝ። ወዳጄ ወዳጄ ነው። ጥፋቱም የራሱ ነው።

ወንበሩ ከአልጋው እኩል ይሁን ወይስ ዝቅ ይበል? ልኩን ጠይቀሽ በቁጥር ጻፊልኝ፤ «ትንሽ» የሚባል ቁጥር የለም። ደግሞም የሚያነሳው ሰው ወገቡን ቢያመው ምን ይቀባል?

ጽሑፉ የተንጋደደው ምራቴ ቆማ ስለምትጽፍ ነው። መቀመጥ አልተመቻትም። ለምን ብለሽ አትጠይቂ።

አባባሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለአባባ፤

እንደምን ከረሙ? ሰላምታዬ ቢያጥርብዎ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እስክሪብቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ደብዳቤዎ «ፈተናዋን ላለፈችው» ብሎ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ እጄ ከበደኝ።

አባባ፣ አላለፍኩም።

ማንከባለሉ ጥሩ ሄደ። ከዚያ «ፒቮት» አለችኝ። ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ወንበሩ በስተቀኝ ነው። የወገቡን ቀበቶ ያዝኩ፣ እስከ ሦስት ቆጠርኩ፣ ብድግ አለ። እኔም እንዳሉኝ እግሬን ተከልኩ፣ ሁለቱንም። በክንዴ አዞረው ጀመር። እሱ ዞረ፣ ትከሻዬም አብሮት ዞረ፣ እግሬ ግን እንደ ብሎን ጠብቆ ቀረ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ክንዴ ላላ። ፈታኟ ዘላ ባትደግፈው ያ ሁሉ ሰውነት ወለሉ ላይ ነበር።

«ትዊስት» አለችኝ። «እሱን አይደለም። ራስሽን።»

እርጥቧ ፎጣ እኔ ሆኜ ተገኘሁ፣ አባባ። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት ውስጥ አልፈለግኩትም፤ ወገቤ ያውቀዋል።

እርስዎን ልወቅስ አይደለም። ብረት ላይ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ጥር 20 አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ እፈተናለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። ትናንት ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ስቤ ዚፑ ይሠራ እንደሆነ አየሁት። ይሠራል።

ወንበሩ ከአልጋው እኩል ይሁን፤ ለዳሌ ሕመምተኛ ዝቅ ያለ ወንበር አይሆንም። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሙሉ ለሙሉ ይርገጥ። ለሚያነሳው ሰው ወገብ መድኃኒቱ ቅባት ሳይሆን አነሳሱ ነው ተብያለሁ። ትክክለኛው አነሳስ ግን የቱ እንደሆነ፣ ይኸው፣ እኔም ገና አልገባኝም።

አሁን ልጠይቅዎ። ምራትዎ ለምን ቆማ ትጽፋለች? ዳሌው ወደኋላ የቀረ ሰው እንደሚጮህስ እርስዎ ከየት አወቁ? ይህ ቶርኖ ቤት ውስጥ የሚታወቅ ነገር አይደለም። አባባ፣ ያ ወዳጅ እርስዎ ነዎት? ከሆኑ ሳይቆጡ ይንገሩኝ። ካልሆኑ ይቆጡኝ፤ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ


ጥር 4 ቀን

ለሽክርክሪት፤

ሰላምታው ይቆየን፣ መጀመሪያ መልሱን ውሰጂ። እኔ ነኝ። አልተቆጣሁም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ቶርኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ በገዛ እጄ ያፈሰስኩት ዘይት አዳለጠኝ። ሐኪሙ ዳሌዬ ውስጥ ብሎን አስገባ። ፎቶውን አሳየኝ፤ የብሎኑ ጥርስ ደህና ነው። እኔ የተሻለ እቆርጥ ነበር፣ ግን ደህና ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የመጣው ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ነው። «ነገር ሲያዞሩ የኖሩ እርስዎ ነዎት» ይላል። እኔ ያኔ ከጀርባዬ ወደ ጎኔ ለመዞር ሰው የምጠራ ነበርኩ። ምን ብዬ ላስጽፍልሽ? ደህና ነኝ አልኩ። ደህና ነኝ ያልኩት ጭንቅላቴን ነው።

አሁን ስለ ፈተናው። የወደቅሽው አንቺ አይደለሽም። ተሳስቻለሁ። ይህን ቃል ምራቴ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጽፈው ፈቅጃለሁ።

እሷንም እንደ አንቺው ነው ያሠለጠንኳት። እሷ እያቃሰተች ልታዞረኝ ስትታገል፣ እኔ ቀበቶዬን አስይዤ «እግርሽን ትከዪ ብዬሻለሁ! ሥራው ይዙር!» እያልኩ እጮህባት ነበር። ወገቧ የተያዘው በዚያ ነው። ቆማ የጻፈችልሽም ለዚህ ነው። አሁን ይህን ስናገር እየሳቀች ትጽፋለች፤ መስመሩ ላይ የተንቀጠቀጠው ሳቋ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩና ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ብረት መውደቅ አይፈራም። ስታዞሪው አይይዝሽም። ሰው ግን ከቆመ ይይዝሻል፤ እኔ ራሴ የምራቴን ትከሻ እንዴት አድርጌ እንደምጨመድድ አውቃለሁ። ከተያያዛችሁ ደግሞ ሁለታችሁም ሥራው ናችሁ። ሁለታችሁም መንጋጋው ውስጥ ናችሁ፤ መቁረጫ የሚባል የለም።

በማግስቱ ጠራኋት።

«ዛሬ አትቁሚ» አልኳት።

«ታዲያ ልቀመጥ?»

«አብረሽኝ ዙሪ። እግርሽን አንሺ።»

«እግሬን ካነሳሁ ማን ይይዝዎታል?»

«እጅሽ ነዋ! እግርሽ ምን ይዟል? ባዶውን ነው፤ ይሂድ።»

«ያለፈው ወር ሁሉ ቁሚ ሲሉኝ ነበር፣ አባባ።»

«ያለፈው ወር አልፏል።»

ወንበሩን በደህናው እግሬ በኩል አደረግን። ከሥሩ ጣውላ አስገብተን ከአልጋው እኩል አመጣነው፤ አርባ ስምንት ሴንቲሜትር። ተነሳሁ። እኔ አንዲት እርምጃ፣ እሷ አንዲት እርምጃ። እኔ፣ እሷ። ጎንበስ ብዬ የጫማዋን አፍንጫ ነበር የማየው። የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቴ ኋላ ሲነካኝ ተቀመጥኩ። አምስት እርምጃ ፈጀብን። እሷ ወገቧን ያዝ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «አላመመኝም እኮ!» አለች፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመስል ሕመሙን በእጇ እየፈለገች።

ስለዚህ ያን ካርቶን ቅደጂው። ጥር 20 ሴትየዋ ፒቮት ስትልሽ አፍንጫሽ፣ እምብርትሽና የጫማሽ ጫፍ ወደ አንድ ቦታ ይመልከቱ። ሦስቱ ከተለያዩ መጠምዘዝ ነው። ሦስቱ አብረው ከሄዱ መዞር ነው። ለሰውየውም ለአንቺም። እርምጃሽ ትጠር፤ የምትቸኩይበት ቦታ የለም።

ምራቴ ተቀምጣ ነው የጻፈችው። እንድታውቂው ብዬ ነው።

አባባሽ


ጥር 21 ቀን

ለአባባ፤

እኔም ሰላምታውን ላቆየው፦ አልፌያለሁ!

ዝርዝሩን ካልነገርኩዎ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። የወጥ ቤቱ ሰውዬ ባለፈው ሊወድቅ ስለነበር «ማሪኝ» ብሎ ሊተኛልኝ አልፈለገም ነበር፤ ለምነው አስተኙት። በፍርሃት እንቅልፍም አልወሰደው። ፈታኟ «ፒቮት» አለች። ቀበቶውን ያዝኩ፣ ቆጠርን፣ ተነሳ። ጆሮው ሥር «አብረን ነን፣ ቀስ» አልኩት። እሱ አንድ፣ እኔ አንድ። በልቤ አፍንጫ፣ እምብርት፣ ጫማ እያልኩ። ስድስት እርምጃ ሆነብን፤ አንዷን ከእርስዎ ያስበለጥኩት ሰውየው ሰፊ ስለሆነ ነው። ሲቀመጥ ትንፋሹን ለቀቀና «ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ እሑድም ልምጣ» አለ።

ፈታኟ ወገቤን ሳይሆን ጫማዬን ነበር ስታይ የቆየችው። «እግርሽን ማን አስተካከለው?» አለችኝ።

«አንድ የቶርኖ ሠራተኛ።»

«እዚህ ከተማ ነው ያለው?»

«አይደለም። አልጋ ላይ ነው» አልኳት። ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ውሌ ለሁለት ዓመት ታድሷል። ሻንጣው ተመልሶ አልጋው ሥር ገብቷል።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ይነሳሉ? በቁጥር ይጻፉልኝ። የምራትዎን ወገብ በእኔ ስም ይሳሙልኝ። ትከሻዋን ማለቴ ነው። ደስታ አሳስቶኝ ነው፣ አባባ፣ አይቆጡኝ።

አክባሪዎ


የካቲት 8 ቀን

ለሽክርክሪት፤

ያለፍሽበት ሥራ ይባረክልሽ። የምታነሺው ሁሉ ቆሞ ይመርቅሽ።

በቀን ሦስት ጊዜ እነሳለሁ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን አራት ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ምራቴ ፖስታውን ይዛ ስትገባ ተጋድሜ ነበር። ልትቀድደው ስትል «መጀመሪያ ለራስሽ አንብቢው፣ እኔ ፊትሽን ልይ» አልኳት። አነበበች። ፊቷን አየሁ። ከዚያ አንድ ቃል ከመተንፈሷ በፊት «ዝም በይ! እንዲህ ያለ ወሬ ተጋድሜ አልሰማም። አንሺኝ» አልኳት።

«ወረቀቱንስ ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። «ያለኝ እጅ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የእርስዎ ነው።»

«በቃልሽ ያዢዋ። ፊደል ቆጥረሽ የለ?»

ከአልጋው አጠገብ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን ትራሱ ላይ አስቀመጠችና ቀበቶዬን ያዘች። ቆጠርን፣ ተነሳሁ። እኔ አንድ፣ እሷ አንድ፣ በየእርምጃው ከደብዳቤሽ አንድ አንድ ነገር እየነገረችኝ። ሰውየውን እንቅልፍ እምቢ ማለቱን፣ ጆሮው ሥር ያልሽውን፣ ሴትየዋ ጫማሽን ማየቷን። ወንበሩ ጋ ስንደርስ ገና ፊርማው ላይ አልደረሰችም ነበር።

«ይቀመጡ» አለችኝ።

«ቀጥዪ» አልኳት።

የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቴ ኋላ እየነካኝ፣ እስከ መጨረሻው ቃል ቆሜ ሰማሁሽ።

አባባሽ